የእትዬ መቀሴ ወፎች

የመልካም ምኞት ካርድ ለምትገዙም፣ ገዝታችሁ መሳቢያ ውስጥ ለምትረሱም፣ ለሁላችሁም እንዲህ ተብሎ ታውጇል፦ ከልብስ ስፌት ፋብሪካ በጡረታ የተሰናበተች፣ ቁመቷ ከመቁረጫ ጠረጴዛ እምብዛም የማይበልጥ፣ መነጽሯ በክር የታሰረ አንዲት ሴት የበጎ አድራጎት ማኅበራችን ክብርና ኩራት መሆኗ ተረጋግጧል። ክብርነቷ የሚጸናው ግን እጇ እስካልተንቀጠቀጠ ድረስ ብቻ ነው።

አዋጁን ያወጣችው የማኅበሩ ሊቀመንበር ናት። በአፏ እንዲህ አላለችም፤ አድራጎቷ ግን ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

ሴትዮዋን እትዬ መቀሴ ይሏታል። ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ስትቆርጥ ኖራ፣ ጡረታ ስትወጣ መቀስ ከእጇ አልለይ ቢላት ወረቀት መቁረጥ ያዘች። ወረቀቱን አጣጥፋ በትንሽ መቀስ ትፈለቅቀዋለች፤ ስትዘረጋው ቅርንጫፍ ላይ የተቀመጠች ወፍ ይሆናል። እነዚህ የወፍ ካርዶች የሚሸጡት ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት ማሞቂያ መግዣ ነበር። ሊቀመንበሯ በየካርዱ ጀርባ «በእጅ ብቻ የተቆረጠ» የሚል ጽሑፍ አሳትማ ለጠፈችበት። ስለ ሕፃናቱ አንድ ቃል አልተጻፈም። ገዢው የሚወደው እጅ ነዋ።

እጁ ደግሞ ከዳ። መጀመሪያ ሻይ ከብርጭቆ ይፈስባት ጀመር፣ ኋላ መርፌና ክር አንገናኝ አሏት። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ቤቷን የሚያንኳኳ ሰው ሁሉ ለካርድ ብሎ የሚመጣ ነው። መቀሴ መቀስ መያዝ አቃታት ከተባለ፣ ከዚያ ወዲያ በሯን ማን ይመታል?

ምስጢሩን ያወቀችው የእህቷ ልጅ ብቻ ናት፤ የማስታወቂያ ሰሌዳ በሚሠራ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ምላሷ ከአክስቷ መቀስ የማይተናነስ። እሷም አንድ እሑድ የወረቀት መቁረጫ ማሽን ተሸክማ መጣች። ከሬዲዮ የማይበልጥ ዕቃ ነው፤ ወረቀቱን በሚያጣብቅ ሰሌዳ ላይ ለጥፈው ሲያጎርሱት፣ ሥዕሉን ከኮምፒውተር ተቀብሎ በምላጩ ጫፍ ይፈለቅቀዋል። እትዬ መቀሴ ከአሮጌ ካርዶቿ እጅግ የምትወዳትን መርጣ ማሽኑ እንዲቀዳት ሰጠች። የወፏ ጭራ ላይ ያኔ መቀስ አምልጦ የተዋት ትንሽ ስንጥቅ ነበረች።

«አክስቴ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አይሁኑ» አለቻት ልጅቱ። «ትንሽ ትንሽ እንለዋውጣቸው።»

እትዬ መቀሴ ተቆጣች። ፋብሪካ ሳለች ግራና ቀኝ እጅጌው እኩል ያልመጣለት ቆራጭ ጠረጴዛውን ዳግመኛ አይቀርበውም ነበር። ቁራጭ በቁራጭ ላይ ተደርቦ ጠርዙ ከገጠመ ባለሙያ ነህ፤ ካልገጠመ ጨርቅ አበላሽ ነህ። ዝብርቅርቅ ሥራ ለሰው ሰጥታ እንደማታውቅ ነግራ አፏን አስያዘቻት። መመሳሰል ሊያስጠረጥር ይችላል የሚል ሐሳብ ሽው እንኳ አላላትም።

ማኅበሩ ካርዶቹን በሚሸጥበት ባዛር ዕለት ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሊቀመንበሯ፣ ሽቶዋ ቀድሟት፣ እንግዶች አስከትላ ወደ እትዬ መቀሴ ጠረጴዛ መጣች። ብርሃን ሲገባበት ውበቱን እንዲያዩላት ብላ ሁለት ካርድ ወደ መስኮቱ ዘረጋች። አንዱ በሌላው ላይ ተደረበ። ቀዳዳ በቀዳዳ፣ ክንፍ በክንፍ፣ ቅጠል በቅጠል ገጠመ። የጭራዋ ስንጥቅ እንኳ በስንጥቁ ላይ ተኛ። ሌላ ካርድ ደረበች። ያው ነው። ሳቋ አፏ ላይ እንደተከፈተ ቀረ።

«ይሄማ የማሽን ነው» አለ ከእንግዶቹ አንዱ፣ ወፍራም ነጋዴ። ከተወለደ ጀምሮ ወረቀት ቆርጦ የማያውቅ ሰው ነው፤ ተታለልኩ ብሎ ለመኮሳተር ግን ሙያ አይጠይቅም።

ሊቀመንበሯ ቶሎ ነቃች። ከጎን ጠረጴዛ መቀስና ቀይ ወረቀት አስመጥታ፣ እትዬ መቀሴ እዚሁ ዓይናችን እያየ አንዲት ወፍ ይቆርጡልናል ብላ ለአዳራሹ አስታወቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ፣ «እባክዎ እትዬ፣ እንዳያዋርዱኝ» አለቻት።

ከጎኗ የተቀመጠችው የእህቷ ልጅ ልትናገር አፏን ስትከፍት አክስቷ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት።

መቀሱን አነሣች። ወረቀቱ ገና ስለት ሳይነካው በግራ እጇ ውስጥ ይርገፈገፍ ጀመር፤ ኮሽታው ጸጥ ባለው አዳራሽ ለሁሉም ተሰማ። ክርኗን ከጠረጴዛው ጋር አጣበቀች። ትንፋሿን ያዘች። ጀርባው ደኅና ሄደ። ክንፉ ላይ መቀሱ ዘለለ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። አንገቱ ላይ ስትደርስ ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች። የወፏ ራስ ተቆርጦ ወለሉ ላይ ወደቀ።

እትዬ መቀሴ መቀሱን አስቀመጠች።

«እጄ ከዳኝ» አለች። «እነዚያን የቆረጠው ማሽን ነው። ወፏ ግን የኔ ናት፤ ደኅና ሳለሁ የቆረጥኳት።»

ከወንበርሽ ተነሺ የሚላትን ድምፅ ጠበቀች። ነጋዴው ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ። ራስ አልባዋን ወፍ አንሥቶ፣ እሱ የሚገዛው ይቺን እንደሆነ ተናገረ። ከኋላው አንዲት እመቤት እኔ ነኝ የምወስዳት አለች፤ ሌላውም ተጋፋ። ሊቀመንበሯም ነፍስ ዘራች። ከሚቀጥለው ባዛር ጀምሮ እትዬ መቀሴ ሕዝብ ፊት ተቀምጠው ቢቆርጡ፣ ጽሑፍ እንኳ መለጠፍ እንደማያስፈልግ አወጀች።

«መንቀጥቀጡ እኮ ልብ ይነካል» አለች፣ ወንበሯን ወደ መሃል እየገፋችላት።

እትዬ መቀሴ ወፏን ከነጋዴው ጣቶች መሃል ቀስ ብላ ወስዳ ጨማደደቻት።

«ብልሹ ሥራ አልሸጥም፣ ጌታዬ» አለችው። «ደኅናው እዚያ ተደርድሯል።»

ወደዚያ የዞረ የለም።

ካርዶቹ እንደተደረደሩ ናቸው፤ ማሞቂያውም አልተገዛም። እሷ ሁለት እጇን ከጠረጴዛው ሥር ደብቃ ተቀምጣለች። አንባቢ ሆይ፣ አንተም በዚያ በኩል ሳታልፍ አትቀርም። ስትደርስ አንድ ነገር ብቻ አድርግላት፦ እጇን ለማየት አንገትህን ሳታሰግግ፣ ከተደረደሩት አንዷን አንሣና ዋጋዋን ክፈል።