ምንዋጋውና የመሀሉ በሬ

ምንዋጋውን ፃግብጂ ገጠር የጣሉት «ፀሐይ ትነቃነቃለች» አለ ብለው ነው። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

እኔና እሱ ደሃና ወረዳ አንድ ጎጥ ነው ያደግነው። እኔን ከአምስተኛ ክፍል አውጥተው ሲድሩኝ እሱ ቀጠለ፤ ሰቆጣ የሳይንስ መምህር ሆነ። ባሌ ሲሞትብኝ እዚያው ትምህርት ቤት የፅዳት ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው።

በ1988 ጥቅምት ላይ ከሬዲዮ የሰማውን ለተማሪዎቹ ሲነግር እኔ በረንዳውን እጠርግ ነበር። ፀሐያችንን የምትመስል ሩቅ ኮከብን የሚዞር ፕላኔት ተገኘ አለ።

«አንዱን ዙር በአራት ቀን ይጨርሳል። እዚያ ዓመቱ አራት ቀን ነው።»

«ታዲያ ዐቢይ ጾምን መቼ ሊጾሙት ነው?» ብላ አንዷ ክፍሉን አሳቀችው። ቀጥላም «ፕላኔቱን አዩት እንዴ፣ መምህር?» አለች።

«አላዩትም። ውድማ ላይ ተቆራኝተው የሚያበራዩ በሬዎችን አስቢ። የዳሩ ይሮጣል፤ የመሀሉ ባለበት ትንሽ ይዞራል። የዳሩን አቧራ ቢሸፍነው፣ የመሀሉን አረማመድ አይተሽ ሌላ በሬ እንዳለ አታውቂም?»

«አውቃለሁ! ብቻውንማ ምን ያዞረዋል?»

«ኮከቧም ፕላኔቱ ሲዞራት ትንሽ ወዲህ ወዲያ ትላለች። ያንን ከብርሃኗ ነው ያወቁት። የእኛንም ፀሐይ ፕላኔቶቿ ትንሽ ያነቃንቋታል።»

መጥረጊያዬን ይዤ ቆምኩ። እኔ እንኳ ገባኝ።

በዚያው ዓመት ግምገማ መጣ። ሠራተኛው ተራ በተራ ይቆማል፤ ጉድለቱን በሁሉ ፊት ይነግሩታል፤ እሱም ማመን አለበት። ምንዋጋው ለክረምት ትምህርት ታጭቶ ስለነበር ዕድሉ በዚያ ስብሰባ ላይ ተንጠልጥሏል። ተቆጣጣሪው አቶ ቢያዝን የመማሪያ መጽሐፉን ገለጠ።

«እዚህ ፀሐይ መሀል ቆማለች ይላል። አንተ ትነቃነቃለች አልክ፤ ይባስ ብለህ ከበሬ ጋር አመሳሰልካት። ጥፋትህን እመን።»

«ያላጠፋሁትን አላምንም።»

ያ ሁሉ መምህር ተቀምጦ እኔ እጄን አወጣሁ።

«ሲያስተምር ሰምቼዋለሁ፤ ልክ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ሰማይን መቼ ጠረግሽው?» አለኝ አቶ ቢያዝን። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቀረቀርኩ።

ጥፋተኛ የሚል ወረቀት ማኅደሩ ውስጥ አስገቡበት፤ ዕድሉን ለሌላ ሰጡበት፤ እሱን ፃግብጂ፣ በእግር ብቻ ወደሚገባበት ቀበሌ ወረወሩት። እዚያም ሬዲዮውን አልተወም። አዲስ ፕላኔት ተገኘ ሲባል ኮከቡንና የዙሩን ቀን ደብተሩ ላይ ይጽፋል።

አሥር ዓመት አለፈ። በ1998 ለመምህራን ስልጠና አዳራሹ ውስጥ ወንበር ስደረድር አቶ ቢያዝን ቆሞ ያስተምራል።

«ፀሐይን በመሰሉ ኮከቦች ዙሪያ ከመቶ በላይ ፕላኔቶች ተገኝተዋል። እንዴት አወቁ? ውድማ ላይ ያሉትን በሬዎች አስቡ!»

አጨበጨቡለት። ወንበሩን ከእጄ ጣልኩት።

«ይህን ያስተማረው ምንዋጋው ነው! በዚሁ ነው የቀጣችሁት!»

«የቆየ ነገር ነው እኮ፣ እትዬ ጥሩሐረግ። ያኔ መጽሐፉ እንደዚያ ነበር።»

«እንግዲያው ጥፋተኛ የሚለውን ወረቀት ከማኅደሩ አንሡለት።»

«ጥፋቱን አምኖ ያመልክት፤ እናየዋለን።»

ምንዋጋው ለገበያ ሰቆጣ ሲመጣ ሁሉንም ነገርኩት።

«የመሀሉን በሬ ነገራቸው?» አለኝ።

«ነገራቸው።»

«ገባቸው?»

«አጨበጨቡ።»

ፈገግ አለ! እኔ በንዴት ስቃጠል እሱ ፈገግ አለ።

«ማመልከቻውስ?» አልኩት።

«ያላጠፋሁትን አላምንም።»

ለሬዲዮው የባትሪ ድንጋይ ገዝቶ ወደ ፃግብጂ ተመለሰ። ወረቀቱ አሁንም ማኅደሩ ውስጥ አለ። መዝገብ ቤቱን በጠረግሁ ቁጥር ማኅደሩን አየዋለሁ።