ጨዉ ሲንጣጣ

የባለቤቴ አባት ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ሚኒሶታ፣ ኒው ሆፕ የምትባል ከተማ ውስጥ ከትልቁ ልጃቸው፣ ማለትም ከባለቤቴ ወንድም ጋር ይኖራሉ። ከአዲስ አበባ አሰብ የተመላለሱበትን ዘመን ሲያወሩ አንድም ነገር አያልፋቸውም ነበር። የትኛው ቁልቁለት ላይ ማርሽ እንደሚቀነስ፣ የትኛው ሻይ ቤት ውስጥ ውሃው ጨው ጨው እንደሚል፣ የትኛው ኬላ ላይ ሰላምታ ካልረዘመ እንደማያሳልፉ ሁሉንም ያውቃሉ። ከወሬዎቻቸው አንዱ ግን ከሌሎቹ ይለያል። በረሃው ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ አንድ የጨው ሜዳ ነበር ይላሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ሜዳ ድምፅ ያሰማል። ነፋስም ሳይነፍስ፣ ሰውም ሳይረግጠው፣ ጨዉ ራሱ ይንጣጣል።

ባለፈው ገና ይህንኑ ሲያወሩ የባለቤቴ ወንድም፣ «ጨዉ ካወራ በርበሬውስ ምን ይላል፣ አባዬ?» አላቸው። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እዚህ የተወለዱት የልጅ ልጆቻቸው ነገሩ በእንግሊዝኛ ሲተረጎምላቸው ደግሞ የባሰ ሳቁ። ባለቤቴም ሳቀች። አባባ የምንላቸው አማቴ ራሳቸው ፈገግ አሉና ሳህናቸውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ መንገድ አውርተው አያውቁም። ስንጠይቃቸው «ረስቼዋለሁ» ይላሉ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስንሄድ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብለው እናገኛቸዋለን፤ ድምፁ በጣም ከፍ ያለ ነው።

ሪችፊልድ ወዳለው ቤታችን ስንመለስ ባለቤቴ መኪናው ውስጥ ብዙ ጊዜ ይህንን ታነሳለች። «አባቴ አይዋሽም» ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ግን ጨው እንዴት ይጮሃል?» ብላ እኔኑ ትጠይቀኛለች። ሥራዬ የአፓርትመንት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ መጠገን ነው፤ የተማርኩትም ከቪዲዮና ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኳቸው መጻሕፍት ነው። የማላውቀው ነገር ሲገጥመኝ እስካገላብጠው እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለ በረሃ የተጻፈ መጽሐፍ ተዋስኩና አነበብኩ። ከላስ ቬጋስ በመኪና ግማሽ ቀን እንኳ በማይሞላ መንገድ፣ የሞት ሸለቆ በሚሉት ቦታ፣ ከባሕር ወለል በታች የሆነ የጨው ሜዳ አለ። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ አንዱ «ሜዳው ድምፅ አለው» ብሎ ጽፏል፤ ሌላው «ነፋስ ነው» ብሎ መልሶለታል።

ይህንን ለባለቤቴ ሳሳያት ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ፣ «እንሂድ» አለች። «ከሰማሁት በሁሉም ፊት ለአባቴ እነግረዋለሁ። ካልሰማሁት ደግሞ ለምን እንደሄድን ማንም አያውቅም።»

ለአባባ እንግዲህ ለሽርሽር ወደ ቬጋስ እንደምንሄድ ብቻ ነገርናቸው። በሁዳዴ ቁማር ቤት ምን እንደምንሠራ አልጠየቁንም። የጠየቁን አንድ ነገር ነው። በአሰብ መንገድ አብረዋቸው የነዱ ጓደኛቸው እዚያ ከተማ ይኖራሉ፤ ሳናያቸው እንዳንመለስ። ሚኒያፖሊስ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ካለ ሱቅ አንድ ካርቶን ተምር ገዝተው፣ በጥንቃቄ አስረው ሰጡን።

ከሚኒያፖሊስ በረዶ ተነስተን፣ አውሮፕላኑ እንዳረፈ ገና ሻንጣችንን ሳንቀበል የቁማር ማሽኖች ተቀበሉን። ሆቴላችንም ውስጥ ወደ አሳንሰሩ ለመድረስ በማሽኖቹ መካከል ማለፍ ግድ ነበር። መንገዱ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ያጠማዝዝሃል። ምንጣፉ እግር የማያርፍበት ቀይና ወርቃማ አበባ ነው። ግድግዳዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ መስኮትም ሰዓትም የላቸውም። በአንደኛው አዳራሽ ጣሪያው ላይ ደመና ያለው ሰማይ ተስሏል፤ ስንገባም ስንወጣም እዚያ ሰማይ ላይ አመሻሽ ነበር። ሥዕሉን ከሥር የሚያበሩትን አምፖሎች እየፈለግኩ አንገቴን አቅንቼ ቆሜ ሳለ፣ የሲጋራ መተርኮሻ የምታጸዳ አንዲት ሐበሻ አጠገባችን ደረሰች። «ሁዳዴ መሆኑን ታውቃላችሁ አይደል?» አለችን። ባለቤቴ አንድም ማሽን እንዳልነካን ልታስረዳት ስትጀምር ሴትዮዋ ስቃ ጋሪዋን ገፍታ ሄደች።

በማግሥቱ ዓርብ ነበር። ዕቅዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ስሕተቱም እዚያው ዕቅድ ውስጥ ነበር። የአባባን ጓደኛ ጠዋት ሰላም ብለን፣ ተምሩን ሰጥተን፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ ወደ በረሃው እንነሳለን ብዬ አስቤ ነበር። ጾም ስለሆነ ቁርስ አይኖርም፤ ቁርስ ከሌለ ደግሞ ቶሎ ይለቁናል አልኩ። ቅዳሜ ማለዳ አውሮፕላን ስለነበረን ለሜዳው ያለችን አንዲት ምሽት ብቻ ነበረች።

ጓደኛቸው ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ እዚያው ከተማ ታክሲ የነዱ፣ ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና ሰው ናቸው። ኤርትራዊ ናቸው፤ አሰብ ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ ይበልጣል። ተምሩን ሲያዩ ሳቁ። «በረሃ ላለ ሰው ከበረዶ አገር ተምር ይላካል?» አሉ። እኔን ሙሽራው ብለው ጠሩኝ፤ ከተጋባን ዓመት ማለፉን ብነግራቸውም ስሙ አልተለወጠም። እርሳቸውና ባለቤታቸው ስለ አባባ ጤና፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሁሉም ጠየቁን። ልንነሳ ስንል ባለቤታቸው ከኩሽና ብቅ አሉ። ሳንበላ መሄድ የሚባል ነገር የለም። የዚያ ቤት ሰዎች ደግሞ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ።

ባለቤቴ አየችኝ። እኔ ግድግዳቸው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ያኔ የሆቴሉ አዳራሽ ሰዓት የሌለው መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ሰዓት የሚያይ ሰው ይሄዳል። እኔ ግን እያየሁም መሄድ አልቻልኩም። በእንዲህ ዓይነት ቤት «ቸኩለናል» ማለት በር ላይ እንደ መትፋት ነው። ወጡ ይሸታል፣ እርሳቸው ያወራሉ፣ የግቢያቸው ጠጠር ላይ ያረፈው ጥላ እየተሳበ ወደ አጥሩ ይሄዳል።

በመጨረሻ፣ ዝምታዬን የለመደችው ባለቤቴ እስክትገረም ድረስ፣ ተናገርኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የጨው ሜዳ ማየት እንደምንፈልግ ነገርኳቸው።

«ጨው ለማየት?» አሉ። «ኩሽና ውስጥ አለልህ፣ ሙሽራው።»

ይሄኔ ባለቤቴ ሁሉንም አወጣችው። የገናውን ሳቅ፣ የአባቷን ዝምታ፣ የመጣንበትን ምክንያት። እርሳቸው እየሰሙ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ያ ወሬ አባባን እስከ ሚኒሶታ ድረስ ተከትሎ መሄዱ ገረማቸው። ያን ጊዜም ሹፌሮቹ ሁሉ ይቀልዱባቸው ነበር አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ አባትሽ ወርቅ ሰው ነው» አሏት። «ግን እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ሁለት መኪና ሆነን፣ ተከታትለን ነው የምንነዳው። እዚያ ሜዳ ጋ ስንት ጊዜ አብረን ቆመናል። አንድም ቀን አልሰማሁም።»

ባለቤቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ከሚኒያፖሊስ ድረስ የመጣንበት ነገር እዚያ ሳሎን ውስጥ ያለቀ መሰለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ትሪው ቀረበ። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ከጎኑ ስልጆ። ባለቤቴ እየበላች አልነበረም፤ ትቆነጥራለች እንጂ። እኔን አንድ ጥያቄ ከነከነኝ። አባባ ሜዳው ጋ ሲቆሙ እርስዎ የት ነበሩ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የት እሆናለሁ፣ ጋቢና ውስጥ ነዋ» አሉ። «የኔዋ መኪና ሞተሯ አንዴ ከጠፋ በግፊ ካልሆነ አትነሳም ነበር። በዚያ በረሃ ማን ይገፋልኛል? ከአሰብ ከወጣሁ ሎጊያ እስክደርስ አላጠፋትም። እሱ ወርዶ እግሩን ሲያፍታታ እኔ እዚያው ሆኜ ነዳጅ እየሰጠሁ እጠብቀዋለሁ።»

ጥሬ ቃሪያ እየሰነጠቁ የነበሩት ባለቤታቸው ቀና አሉ። «ታዲያ በየትኛው ጆሮህ ልትሰማ ኖሯል?» አሏቸው።

ሰውዬው የጠቀለሉትን ጉርሻ እንደያዙ ቀሩ። መጀመሪያ ሚስታቸውን፣ ቀጥሎ ባለቤቴን አዩ። «እንግዲህ…» አሉና የያዙትን ጉርሻ ለባለቤቴ አጎረሷት። «ብዪ ቶሎ። ፀሐይዋ አትጠብቅሽም።»

የተከራየነውን መኪና የነዳችው ባለቤቴ ነበረች። ከተማው ከኋላችን ወዲያው አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ተራራ ልብሱን የገፈፈ ነው፤ ዛፍም ሣርም የለውም፤ ድንጋዩ ቡናማ፣ ሐምራዊ፣ አንዳንድ ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ተራ በተራ ይታያል። እንዲህ የተራቆተ መሬት አይቼ አላውቅም ነበር፤ እያንዳንዱ ንብርብር እንዴት እንደተጋደመ ለማየት ዓይኔን ከመስኮቱ አላነሳሁም። ቁልቁለቱ ሲጀምር ጆሯችን ድፍን አለ። ባለቤቴ ሳላስታውሳት ማርሽ ቀነሰች። የት እንደተማረችው አልጠየቅኳትም።

ስንደርስ ፀሐይዋ የተራራውን ጫፍ ነክታለች። ሜዳ ብዬ የጠበቅኩት ሜዳ አልነበረም። ታርሶ፣ በጭቃነቱ ደርቆ፣ ከዚያ የተሰነጣጠቀ ማሳ ነው የሚመስለው፤ ግን ሁሉም ጨው ነው። ጎንበስ ብዬ ነካሁት፤ ጫፉ እንደ መርፌ ይዋጋል። ፎቶ ሲያነሱ የነበሩ ሁለት ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ። ባለቤቴ ሞተሩን አጠፋችና ወረደች።

ቀጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ቀጭ።

«ሰማህ?» አለችና ክንዴን ያዘች። ዓይኗ ሞልቶ ነበር።

ሰምቻለሁ። ምን እንደሆነም አውቄዋለሁ። «መኪናው ነው» አልኳት። የጋለ ብረት ሲቀዘቅዝ እንደሚኮማተርና እንደዚያ እንደሚል ነገርኳት። እጇን ከክንዴ ላይ አነሳች። ምናልባት አባባም የሰሙት የራሳቸውን መኪና ይሆናል ብላ ያሰበች መሰለኝ፤ እኔም ያንኑ አሰብኩ።

«እንራቅ» አልኳት።

የጨዉን ጫፎች እየመረጥን፣ አንዳችን የሌላውን እጅ ይዘን፣ መኪናው ትንሽ መጫወቻ እስኪመስል ድረስ ሄድንና ቆምን። ዝምታው ከባድ ነበር። የጃኬቴ እጅጌ ሲፋተግ ይሰማኝ ስለነበር እጄን ከሰውነቴ አራቅኩት። የፀሐይዋ ብርሃን ሜዳውን ለቆ ወደ ምሥራቁ ተራራ ወጣ። ወዲያው አየሩ ቀዘቀዘ። ምንም የለም። ባለቤቴ ጫማዋን እያየች፣ «በቃ እንሂድ» አለች።

መልስ ሳልሰጣት ከግራችን አንድ ነገር ጢቅ አለ። በክረምት ማሞቂያው ሲጠፋ ከሪችፊልዱ ቤታችን ግድግዳ ሥር ያለው ቧንቧ የሚያሰማውን ይመስላል፤ ግን የቀጠነ ነው፣ ብርጭቆ በጥፍር እንደመንካት። ወደ መኪናው ዞርኩ፤ እሱ ከኋላችን ነው ያለው። ሁለተኛው ከፊታችን መጣ፣ ሦስተኛው ከሩቅ፣ ከዚያ እዚህም እዚያም። ባለቤቴ በርከክ ብላ ጆሮዋን ወደ ጨዉ አስጠጋች። እኔም ተንበረከክኩ። ቀኑን ሙሉ የጋለው ጨው እየበረደ ነበር። ይንጣጣ ነበር።

በስልኬ ቀድቼዋለሁ። ሆቴል ደርሰን ስንሰማው የሚሰማው የባለቤቴ ትንፋሽ ብቻ ነው።

እሑድ ኒው ሆፕ ስንገባ ቴሌቪዥኑ እንደተለመደው ይጮህ ነበር። አባባ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ጓደኛቸው ጉልበት ነው። ባለቤቴ መልሳላቸው ስታበቃ፣ ወንድሟም፣ ልጆቹም ባሉበት፣ «አባዬ፣ ጨዉን ሰማሁት» አለቻቸው።

ወንድሟ ቀድታችሁታል ወይ ብሎ ጠየቀ። አልወጣልንም አለችው። ስለ በርበሬው ሊናገር አፉን ሲከፍት አየሁት። አባባ ግን እሱን አላዩትም። ወደ ልጃቸው ጠጋ ብለው፣ «ሞተር አጥፍታችሁ ነበር?» አሏት።

«አጥፍተን፣ ከመኪናው ርቀን ሄድን።»

«እህ» አሉ፣ በረጅሙ። «መራቅ ነው እንጂ።»

ከዚያ ባለቤቴ ጓደኛቸው ምሳ ላይ ያሉትን ነገረቻቸው፤ ስለማትጠፋው መኪናም ጭምር። አባባ እስክትጨርስ አልጠበቁም፤ ስልካቸውን ፈልገው ደወሉ። ከወዲያ በኩል ያ ጎርናና ድምፅ ሲያነሳ ሰላምታም አልሰጡም።

«ስማ አንተ፣ ያቺን መኪና እስካሁን አላጠፋሃትም?»

ሳቁ ከስልኩ አልፎ ሳሎኑን ሞላው። አባባ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ፣ ለሱም ለእኛም፣ ከአሰብ በር ጀምረው ማውራት ጀመሩ። የባለቤቴ ወንድም ተነሳና ቴሌቪዥኑን አጠፋው።