ለአንድ ሰው የሚበቃ ሃይድሮጅን

ቡታጅራ ውስጥ ባጃጅ ካለህ፣ ቤንዚን ቢያልቅብህም ሰው አያልቅብህም። ቀጥሎ የሚመጣው ባጃጅ ይቆማል፤ ሾፌሩ ከወንበሩ ሥር በሃይላንድ ጠርሙስ የያዘውን ይቀዳልህና "ነገ ትመልሳለህ" ብሎ ይሄዳል። ነገ ማንም አይመልስም፤ መንገድ ላይ ለቆመበት ለሌላ ሰው ይቀዳል እንጂ።

ፊልጶስ ከዚህ ማኅበር ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ሃያ ዓመት ባጃጅ የጠገነ መካኒክ ነው። ሚስቱ አበበች መናኸሪያው አፍ ላይ ሻይ እየሸጠች የባጃጅ ጭስ ስትምግ ኖራ፣ በሳል ተሠቃይታ ሞተች። ሐኪሙ ጭሱ ነው የገደላት አላለም፤ ፊልጶስ ግን ብሏል። ከቀብሯ በኋላ የራሱን ባጃጅ በሃይድሮጅን እንዲሄድ አድርጎ ሠራው። የቤቱ ጣራ ላይ በሰቀላቸው የፀሐይ ሰሌዳዎች ኃይል ጋዙን ከውሃ ያወጣና ሲሊንደር ውስጥ ያጭቀዋል። ከጭስ ማውጫው ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ነው። የሰፈሩ ወጣቶች "የፊልጶስ ባጃጅ ሸናች" እያሉ ይስቃሉ።

መከራው መሙላቱ ላይ ነው። ሲሊንደሩ እስኪሞላ ሦስት ቀን ሙሉ ጠራራ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ማደያው ደግሞ የራሱ ግቢ ብቻ ነው። እንደ ታሰረ ፍየል ገመዱ እስከሚያደርሰው ነው የሚሄደው። የልብ ጓደኛው ከማሉ፣ እሱም ባጃጅ ነጂ፣ ገና ሲጀምር ነግሮት ነበር።

"መንገድ ላይ ቢያልቅብህ ማን ይደርስልሃል? ጭስ ጠልተህ ከሰው ልትለይ ነው።"

ፊልጶስ የአበበችን ሞት ያቃለለበት መሰለውና ተኮራረፉ። ሁለት አረፋ አለፈ። ድሮ ከማሉ ቤት የሚውልባቸውን ሁለቱን በዓላት በሩን ዘግቶ ደረቅ ዳቦ በላ።

ዘንድሮ ከማሉ ሰው ላከበት፦ "ካልመጣህ ሥጋ አልቆርጥም።" ፊልጶስ ሆዱ ቢባባም ወዲያው ወደ ስሌቱ ገባ። የከማሉ የገጠር ቤት ከከተማው በላይ ባለው ተራራ ወገብ ላይ ነው። ሲሊንደሩ ዳገቱን ያወጣዋል፤ ሲመለስ ቁልቁለት ስለሆነ ሞተር አጥፍቶ ይንሸራተታል። የጋዙን መለኪያ፣ ጌጁን፣ ሁለቴ አየ። ለአንድ ሰው ይበቃል።

የዳገቱ እኩሌታ ላይ ሃፊዛ የሚባሉ አሮጊት በግ እየጎተቱ ሲወጡ አገኛቸው። በአረፋ ቀን አሮጊት ከነበጋቸው ጥሎ የሚያልፍ ሰው እዚያ አገር አልተወለደም። ጫናቸው። እሳቸው ሲመርቁት እሱ ጌጁ ሲወርድ ያያል። ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀር ሞተሩ ቀጥ አለ።

አንድ ባጃጅ ደርሶ ቆመ። ሾፌሩ ጠርሙሱን ካወጣ በኋላ የማን ባጃጅ እንደሆነ ሲያይ መልሶ ከተተው።

"ጋሼ፣ ለእርስዎማ ምን ልስጥዎት?" አለ፤ ከልቡ አዝኖ። ሃፊዛን ከነበጋቸው ወሰደለት።

"ብቻህን ልንተውህ ነው እንዴ ልጄ?" አሉ ሃፊዛ።

"ለምጄዋለሁ እማማ፣ ይሂዱ።"

እውነቱን ነው፣ ለምዶታል። ባጃጁን ገፍቶ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አዞረው። ፍሬኑን ቢለቅ ማንንም ሳያስቸግር ቤቱ ያደርሰዋል። ቤቱ ማን አለ? እግሩን ፍሬን ላይ እንዳደረገ ብዙ ቆየ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጋዙን ሲያሰላ ለአንድ ሰው ብቻ ሲያሰላ መኖሩ ያን ጊዜ ታየው፤ ከፋውና አለቀሰ።

ስልኩን አወጣ።

"ከማሉ፣ ገመድ ይዘህ ና።"

ከማሉ መጣ። "ብዬህ ነበር" አላለም። ባጃጁን አብሮት ወደ ዳገቱ መልሶ አዞረና ገመዱን አሰረ፤ "ልጆቹ ርቧቸዋል፣ ቶሎ እንሂድ" ብቻ አለ። የከማሉ ባጃጅ አሮጌ ሞተር እያቃሰተ ጥቁር ጭሱን ፊልጶስ ፊት ላይ ለቀቀው። ፊልጶስ ሳለ፤ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ገመዱ እንዳይረግብ እየተጠነቀቀ ተከተለው።