ጠፍቷል የተባለው እሳት

ዘርኣጽዮን ዕድሜውን ሙሉ ከእሳት ጋር የኖረ ሰው ነው። ደቀምሓረ ተወልዶ፣ ጢሙ ሳያቀመቅም አዲስ አበባ ገብቶ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ብየዳ ተማረ። አማርኛውንም የለመደው እዚያው በመዶሻ ድምፅ መሀል እየጮኸ ስለሆነ፣ እስከ ዛሬ ሲያወራ ድምፁ ከፍ ይላል። ደርግ ሊወድቅ ሲል በሞያሌ በኩል ኬንያ ገባ። ናይሮቢ ላይ ከሰው ሥር ትንሽ ሠርቶ የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ። በኪሌሌሽዋና በላቪንግተን ካሉት የድሮ ግቢዎች ብዙዎቹ ዛሬም የሚዘጉት እሱ በበየደው በር ነው።

ከሞያሌ በተነሳው የጭነት መኪና ላይ፣ የባቄላ ጆንያ ተደግፎ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ጓንጉል ይባላል። የደብረ ታቦር ሰው ነው። መንገድ ላይ ጓንጉል ያለችውን ዳቦ ገምሶ ሰጠው፤ ማርሳቢት ላይ ብርዱ ሲብስ ደግሞ ዘርኣጽዮን ካፖርቱን አካፈለው። ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም። ጓንጉል ጤፍና በርበሬ እያስመጣ መነገድ ጀመረ። ዘርኣጽዮን ኪሌሌሽዋ ቤት ርካሽ በነበረበት ጊዜ አንዲት አሮጌ ቪላ ሲገዛ፣ ጓንጉል ከጀርባዋ ያለችውን ተከራየ። በሁለቱ ግቢዎች መካከል ያለው የቁጥቋጦ አጥር አንድ ቦታ ላይ ክፍት ነው። ማንም ሆን ብሎ አልከፈተውም፤ ሰው ሲመላለስበት ጊዜ ቁጥቋጦው መብቀሉን ተወ እንጂ። በዚያች ክፍተት የጓንጉል ሚስት ብዙነሽና የዘርኣጽዮን ሚስት ሃረጉ ወንፊት ተዋሱ፣ ልጆች አሳደጉ። ባድመ ላይ ጦርነት ተነስቶ በከተማው ስንቱ ወዳጅ ሰላምታ ሲነፋፈግ፣ ሁለቱ ሰዎች ሬዲዮውን ዘግተው ሻይ ጠጡ።

ዘርኣጽዮን ወርክሾፑን ሸጦ ቤት ከዋለ በኋላ የጓሮው ባሕር ዛፍ አስጨነቀው። ዛፉ ከእሱ በፊት የነበሩ ሰዎች የተከሉት ነው፤ አርጅቶ ወደ ኤሌክትሪክ ገመዱ አዘመመ። ሰው ጠርቶ አስቆረጠው። የቀረው ጉቶ ግን ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ነበር፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ተቆረጥኩ ብሎ አይሞትም። በዝናብ ዙሪያውን ያቆጠቁጣል፤ ዘርኣጽዮን በገጀራ ይመለምለዋል፤ በሚቀጥለው ዝናብ እንደገና ያቆጠቁጣል።

ልጁ ሚለን በዚያ ዓመት ልትታጭ ነበር። የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ከጥምቀት በኋላ ሊመጡ ተቀጠረ። ዘርኣጽዮን ድንኳኑን ጓሮ ሊተክል አሰበ፤ ጉቶው ደግሞ መሀል ላይ ተቀምጧል። ሃረጉ ጠረጴዛ እናድርግበት፣ ነጭ ጨርቅ ጣል አድርገን አበባ እናስቀምጥበት አለችው። ሚለንም፣ ኬንያ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናትና፣ በሦስት ቋንቋ ለመነችው፤ "ዳዲ፣ ኢትስ ኦኬ፣ ሀኩና ሺዳ፣ ችግር የለም፣ ሆል እንከራያለን" አለችው። እሱ ግን እልህ ተጋብቷል። ለአንድ ጉቶ ጨርቅ እንደማያለብስ፣ ዕድሜውን ሙሉ ብረት ያቀለጠ ሰው እንጨት እንደማያቅተው ተናገረ።

ገና ባለፈ ማግስት ሥራውን ጀመረ። በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ጉቶውን ከላይ እስከ ታች በሳሳው፤ ቀዳዳዎቹን የተቃጠለ የመኪና ዘይት ሞላባቸው፤ ዘይቱ እስኪሰርግ ጠበቀ። ከዚያ አንድ አሮጌ በርሜል ታችና ላዩን ቆርጦ፣ ጎኑን ለነፋስ ሸንቁሮ፣ ጉቶው ላይ ደፋበትና በውስጡ ከሰል ሞልቶ ለኮሰ። እውነቱን ለመናገር ያማረ ሥራ ነበር። ጓንጉል በአጥሩ ክፍተት ገብቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ከሰሉ ሲግም እያየ፣ እንዲህ ዓይነት ምድጃ ቀድሞ ቢሠራ ኖሮ ሁለቱም ሀብታም ይሆኑ እንደነበር ተናገረ። ሳቁ።

እሳቱ ሳይቸኩል በላ። የጎረቤቱ ፎቅ ጥበቃ መጥቶ፣ "ሙዜ፣ አባባ፣ ጭሱ ልብስ ላይ እየገባ ነው" ብሎ ቅሬታ አሰማ። ዘርኣጽዮን ይቅርታ ጠይቆ በከሰሉ ላይ ከሰል ጨመረ። በመጨረሻ ጉቶው ወደ ጉድጓድ፣ ጉድጓዱም ወደ አመድ ተለወጠ። ዘርኣጽዮን ውኃ በባልዲ እያመላለሰ ደፋበት፤ እንፋሎቱ ቆመ። ቀይ አፈር አስመጥቶ ሞላው፤ ረግጦ ደለደለው፤ ላዩ ላይ ሣር አነጠፈ። ሃረጉን ጠርቶ አሳያት። እሷም ጥሩ ሆኗል አለችው።

በዚያው ሳምንት እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዘርኣጽዮን በረንዳው ላይ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ኳስ ያይ ነበር። ጓንጉል ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ተጣራ።

"ዘርኤ፣ እዚህ በእኔ በኩል ጭስ ጭስ ይላል። ያ እሳትህ ጠፍቷል?"

"ጠፍቷል!" አለ ዘርኣጽዮን ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። "ከፎቁ ቆሻሻ ሲያቃጥሉ ነው።"

"ከጠፋማ ጥሩ" አለ ጓንጉልና ሄደ።

እሳቱ ግን አልጠፋም ነበር። ውኃው የደረሰው የጉድጓዱ ሆድ ጋ ብቻ ነው። ከጉቶው ወደ ጎን የወጣ አንድ ወፍራም ሥር ከመሬት በታች ፍም ሆኖ፣ ቀን በቀን ጥቂት ጥቂት እየበላ ወደ አጥሩ ይሄድ ነበር። ላዩ ሣር ነው። በአጥሩ ክፍተት በኩል አልፎ ወደ ጓንጉል ግቢ ገባ። ሁለቱ ሰዎች ለዓመታት የተመላለሱባት መንገድ ከሥሯ ባዶ ሆነች።

ጓንጉል የስኳር ሕመምተኛ ነው። እግሩ ከጉልበቱ በታች ከደነዘዘ ቆይቷል፤ ብዙነሽ ማታ ማታ እያገላበጠች ታይለታለች፤ ጠጠር ወግቶት እንደሆነ እሱ አያውቅም። ከእሑዱ በኋላ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እንደ ልማዱ ፓቲፓቲ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ መጣ። ዘርኣጽዮን ከበረንዳው ሆኖ ያየው ነበር። የአጥሩ ክፍተት ጋ ሲደርስ መሬቱ ከዳውና አንድ እግሩ እስከ ባቱ ሰጠመ። ጓንጉል ሳቀ።

"ደግሞ ወጥመድ ቆፈርክልኝ?" አለ።

ቁጥቋጦውን ተደግፎ ቀስ ብሎ እግሩን አወጣ። ጫማው ጉድጓዱ ውስጥ ቀርቷል። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሊፈልግ እጁን ሰደደ፤ ወዲያው መለሰው። ጣቶቹን አያቸው። ከዚያ ዓይኑን ወደ እግሩ አወረደ። እግሩ ያልነገረውን እጁ ነገረው። ዘርኣጽዮን ከበረንዳው ሮጦ ሲደርስ፣ ጓንጉል መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የሌላ ሰው እግር የሚመለከት ይመስል፣ "ቆዳው ሄዷል፣ ዘርኤ" አለው።

ዘርኣጽዮን በመኪናው ወደ ሆስፒታል ወሰደው። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አደረጉ። ቁስሉ ግን ስኳር ያለበት ሰው ቁስል ነውና አልድን አለ፤ መጀመሪያ የእግሩ ጣቶች ጠቆሩ፤ ቀጥሎ ጥቁሩ ወደ ላይ ወጣ። የጓንጉል ሴት ልጅ ምርቃት ፈቃዱን ፈርማ፣ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ዘርኣጽዮን ከኮሪደሩ አልጠፋም። ሰው ሲጠይቀው የሆነውን አንድም ሳይደብቅ ይናገራል፤ አንዲት ነገር ብቻ ያልፋል። ያቺንም ብዙነሽ ታውቃት ኖሯል። ጓንጉል ከቀዶ ሕክምና በወጣ ዕለት፣ ኮሪደሩ ላይ ፊት ለፊቱ መጥታ ቆመች።

"ጠይቆዎት ነበር" አለችው። "ማድ ቤት ሆኜ ሰምቻለሁ። ጠፍቷል አሉት።"

ለሠላሳ ዓመት "ዘርኤ፣ አንተ" ስትለው የኖረች ሴት ናት። ከስድብ ሁሉ ይበልጥ "እርስዎ" መባሉ አጥንቱ ውስጥ ገባ። አዎ፣ ብያለሁ ብቻ አላት። 

ቤቱ እንደተመለሰ ዶማ አንስቶ ጓሮውን ቆፈረ። ሣሩን ገለበጠ፣ የደለደለውን አፈር አወጣ፣ ሥሩን ተከትሎ ሄደ። ሥሩ የለም፤ ሥሩ የነበረበት ቦታ ብቻ አለ፤ ግድግዳው የጠቆረ ቧንቧ የሚመስል ባዶ ቀዳዳ። ዘርኣጽዮን በዘመኑ ብዙ ቧንቧ በይዷል፤ እሳት ለራሱ ቧንቧ ሲሠራ ግን አይቶ አያውቅም። ሃረጉ መጥታ፣ እንዲህ በፀሐይ ራሱን ቢገድል የጓንጉል እግር እንደማይመለስ ነገረችው። ቁፋሮውን አላቆመም። እሷም ጉቶውን ተወው ብዬህ ነበር የሚለውን ቃል አንድም ቀን አላነሳችበትም። አለማንሳቷን ያውቃል፤ ማታ ከፊቷ ሲቀመጥ የሚከብደው ይኸው ነው።

ሚለንን የሚጠይቁት ሽማግሌዎች በሌላ ጊዜ መጡ፤ አዳራሽ ተከራይተው ተቀበሏቸው። ስለ ልጅቷ እንዲናገር የታሰበው ጓንጉል ስለነበረ፣ በእሱ ምትክ ባንታየሁ የሚባል የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ተናገረ። ባንታየሁ ጥሩ ተናጋሪ ነው፤ ልጅቷን ግን አያውቃትም። የልጅነቷን ወሬ ሊያወራ ሲሞክር ስሟን አሳስቶ ጠራ። ሚለን ሳቀች፤ እንግዶቹም ሳቁ። ዘርኣጽዮን ለመሳቅ ሞክሮ ወደ ውጭ ወጣ።

ጓንጉል ከሆስፒታል ሲወጣ ወደ ኪሌሌሽዋ አልተመለሰም። የተከራዩት ቤት መግቢያው ሁሉ ደረጃ ነው። ምርቃት ካሳራኒ ውስጥ ምድር ቤት ያለ አፓርታማ ፈልጋ ወላጆቿን አጠገቧ አደረገች። ዘርኣጽዮን ዕቃ ሲጫን ሊያግዝ መጣ፤ ብዙነሽ ሠራተኞች እንዳሉ ነግራ አመስግና መለሰችው። በኋላ ምርቃት ደወለችለት። "አንክል፣ ለባቢ ባዝሩም ውስጥ የሚይዘው ብረት ያስፈልጋል። ፕሊስ፣ አንተ ሥራው" አለችው። ዘርኣጽዮን ከተወ የቆየውን የብየዳ መነጽር አውጥቶ፣ ከቀድሞ ወርክሾፑ መሣሪያ ተውሶ ሠራ። ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት እስኪለሰልስ ፈተገው፤ ወስዶ ገጠመው። ብዙነሽ ሲገጥም ከወጥ ቤት አልወጣችም።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ በማታቱ ሚኒባስ ቲካ ሮድን ይዞ ይሄድ ጀመር። መኪና ስለሌለው አይደለም፤ በመኪናው የተቃጠለውን እግር የወሰደ ዕለት የሸተተው ሽታ አልለቀውም ስላለ ነው። ከጓንጉል ጋር ስለ ኳስ፣ ስለ ስኳር መድኃኒት፣ ስለ ልጆች ያወራሉ። ጓንጉል አንድም ቀን ወቅሶት አያውቅም። አንድ ቀን ግን፣ ሰው ሠራሽ እግሩን አውልቆ ግድግዳ አስደግፎ ተቀምጦ ሳለ፣ ወሬውን አቋርጦ ጠየቀው።

"ያን ዕለት ስጠይቅህ፣ እሳቱን ሄደህ አይተህ ነበር?"

"አላየሁም።"

"ታዲያ ለምን ጠፍቷል አልከኝ?"

ዘርኣጽዮን ይህን ጥያቄ ሲጠብቀው ኖሯል። ውኃውን ስንት ባልዲ እንደደፋ፣ አፈሩ እንዴት ቀዝቅዞ እንደነበር፣ እሳት በሥር እንደሚሄድ ማንም እንዳልነገረው፣ ሁሉንም በልቡ አዘጋጅቶ ነበር። ሁሉም እውነት ነው። ጓንጉል ፊት ሲሆን ግን አንዱንም ማለት አልቻለም።

"ኳስ እያየሁ ነበር" አለ። "ለመነሳት ሰነፍኩ።"

ጓንጉል ራሱን ነቀነቀ።  "እኔም ብሆን ላልነሳ እችል ነበር" አለ። ዘርኣጽዮን ከዚህ ቃል ይልቅ ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ስድብ ቢሆን የሚመልሰው ያገኝ ነበር። ጓንጉል ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳም፤ ዘርኣጽዮን መምጣቱን አልቀነሰም።

ባለፈው ፋሲካ ሳምንት ሲሄድ ጓንጉል ተኝቶ ነበር። በሩን ብዙነሽ ከፈተች። እንደ ሌላ ጊዜ ወደ ጓዳ ትገባለች ብሎ ጠበቀ፤ ሳትገባ ከፊቱ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። መንገዱ ተጨናንቆ እንደነበር ጠየቀችው፤ እሱም ሙታይጋ ላይ እንደቆሙ ነገራት። ከውጭ የማታቱ ጡሩንባ ይሰማል። ብዙነሽ የቀሚሷን ጫፍ በጣቶቿ ስታጥፍና ስትዘረጋ ቆየች።

"እሱ ይቅር ብሎዎታል" አለችው። "እኔ ገና ነኝ። እንዳያታልለኝ ብዬ ልቤን እጠይቀዋለሁ፤ ገና ነው ይለኛል።"

"አውቃለሁ፣ ብዙነሽ።"

"ግን አይቅሩ። እርስዎ ሲቀሩ መስኮት መስኮቱን ያያል።"

ዘርኣጽዮን አልቀርም አላት። ጓንጉል ከመኝታ ቤት ሲያስል ሁለቱም ሰሙት። ብዙነሽ ልታነሳው ሄደች፤ ዘርኣጽዮን ባለበት ሆኖ ጠበቀ።