ጋሽ ቁልፉ ኩሽና የቆለፉ ዕለት

ጋሽ ቁልፉ እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን ግን ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ዕድሜያቸውን የፈጁት በአንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ከወገባቸው የማይለየው የቁልፍ ዘለላ ሲንቋቋ ገና ሳይታዩ መምጣታቸው ይታወቃል፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ መጣ። ከእሳቸው እጅ ያለ ወጪ ማዘዣ አንዲት ብሎን አትወጣም። አንዴ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው አምፖል ፈልገው ቢመጡ፣ "ነገ ወረቀቱን ይዘው ይምጡ፤ እኔም አለሁ፣ አምፖሉም አለ" ብለው በጨለማ መልሰዋቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ሲገባ ይለወጥ ይሆን ብላችሁ ተስፋ ካደረጋችሁ ተዉት፤ የስኳሩም ቁልፍ ያው ወገባቸው ላይ ነው።

ባለቤታቸው እትዬ ቅምሻ ደግሞ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ናቸው። ይህም ቅጽል ነው፤ ያወጡላቸው አብረዋቸው የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። እኚህ ሴት ሲያበስሉ እንጂ ሲበሉ ያያቸው የለም። ጭልፋውን ከድስቱ ያወጡና መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ይቀምሳሉ፤ ጨው ጣል ያደርጋሉ፤ ደግመው ይቀምሳሉ፤ በቃ። ያ ሁሉ ልጅ ሳህኑን ልሶ እስኪነሳ ድረስ እሳቸውን እንፋሎቱ አጥግቧቸዋል። ቤታቸው ገብተውም ያው ነው፤ አብስለው ያቀርቡና፣ "እኔ ስቀምስ ውያለሁ፣ አንተ ብላ" ይላሉ።

ጋሽ ቁልፉ መጀመሪያ ላይ ነገሩን እንደ ቁጠባ አይተውት ነበር፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። ኋላ ግን የባለቤታቸው ቀሚስ ትከሻቸው ላይ መንሸራተት ጀመረ። ቀለበታቸው ከጣታቸው እየሾለከ ሊጥ ውስጥ ሲገባ ጊዜ ጋሽ ቁልፉ ፈሩ፤ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ሐኪሙ ከላይ እስከ ታች መርምሮ፣ "ምንም በሽታ የለባቸውም፤ ብቻ ይብሉ" አለ። ይህ ለጋሽ ቁልፉ ከበሽታም የባሰ ሆነባቸው። መድኃኒት ቢታዘዝ፣ አጉረምርመውም ቢሆን ይገዙ ነበር። ያልራበው ሰው ረሃብ ከየት ይገዛለታል? ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሚስታቸው ቁጭ ብለው አንድ ሳህን ምግብ ሲጨርሱ ማየት።

መላውን ያመጣችው ልጃቸው ናት። "አባዬ፣ እማዬ ከምድጃ ካልራቀች አትበላም" አለች። "ሐይቅ ዳር አንድ ሪዞርት አለ፤ ወቅቱ ስላልሆነ ዋጋው ወርዷል፤ ትንሽ ኩሽናም አለው። የክፍሉን እኔ እችላለሁ፤ ምግቡን አንተ ቻል።"

ጋሽ ቁልፉ ሪዞርቱ ስልክ ደወሉና የምግቡን ዋጋ ጠየቁ። የሾርባው ሲነገራቸው፣ "ከነሳህኑ ነው?" አሉ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በወዲያኛው ጫፍ ሳቀች። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር።

እዚያ ምግብ ቤት ገብቶ መብላት እንደማይሞከር ታወቀ። አስቤዛውን ከቤት ጭኖ መሄድ ይቻላል፤ ግን ማን ሊያበስለው ነው? እትዬ ቅምሻ ካበሰሉ ኩሽናውን ሐይቅ ዳር ወስዶ መትከል እንጂ ምን ዕረፍት አለው። "እኔ አበስላለሁ" አሉ ጋሽ ቁልፉ። ለአፍ ዳገት የለውም። እኚህ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ እንቁላል እንኳ ጠብሰው አያውቁም። የፋብሪካው ዘበኛ፣ ብቸኝነት ያስተማረው ወንደላጤ ነውና፣ በምሳ ሰዓት ግምጃ ቤቱ ጓሮ አስቀምጦ ሩዝ መቀቀልና ድንች በቲማቲም መሥራት አሳያቸው። መጀመሪያ የሠሩትን የዘበኛው ውሻ አሽትቶት ሄደ። ሁለተኛውን በላው፤ እሳቸውም በዚያ ተጽናኑ።

አስቤዛው ሲታሰር ማየት ነበር። "ሰው መዝናኛ ሄዶ የሚከስረው በምሳ አይደለም፣ በመክሰስ ነው" ይላሉ። "ውሃ ዳር ሲቀመጥ አፉ ሥራ ይፈልጋል።" ስለዚህ ኦቾሎኒው እቤት ተቆልቶ ለየቀኑ በየላስቲኩ ታሰረ። ብስኩቱ ከጅምላ ሻጭ ተገዛ፤ ውሃው በጀሪካን ተቀዳ። የሚሰበር ከላይ፣ የማይሰበር ከታች ሆኖ ሳጥኑ ተዘጋ። ምን ዋጋ አለው፣ የአውቶቡሱ ረዳት የሰው ጆንያ አምጥቶ ላዩ ላይ ጣለበትና ቲማቲሙ ገና መንገድ ላይ ሳለ ጭማቂ ሆነ።

የመጀመሪያው ቀን ማታ ጋሽ ቁልፉ ሽርጥ አስረው ኩሽና ገቡ። እትዬ ቅምሻ በረንዳው ላይ፣ ሐይቁን ፊት ለፊት እያዩ ተቀመጡ።

"እሳቱ በዛ" አሉ ከበረንዳው።

"አልበዛም።"

"ይሸተኛል እኮ። ቀንስ።"

ቆየት ብለው በሩ ላይ መጡ። "ድንቹን እንዲህ አግዝፈህ መቼ ሊበስልልህ ነው?" ትንሽ ቆይተው አንድ እግራቸው ገባ። ከዚያ ጭልፋው እንዴት ከባላቸው እጅ ወጥቶ እሳቸው እጅ እንደገባ ሁለቱም አላወቁም። መዳፍ ላይ ጠብ አደረጉ፣ ቀመሱ፣ ጨው ጨመሩ፣ ቀመሱ። ምግቡ ቀረበ፤ ጣት ያስቆረጥማል። እትዬ ቅምሻ ሁለት ጊዜ ጎረሱና ሳህናቸውን ወደ ባላቸው ገፋ አደረጉ። "እኔ ቀምሻለሁ፣ አንተ ብላ።" ጋሽ ቁልፉ የሁለቱንም በሉ። ጥጋብ እንደዚያን ቀን አስጠልቷቸው አያውቅም።

ጠዋት ሚስታቸው ገና ተኝተው ሳለ ቲማቲም ፍለጋ ሪዞርቱ ውስጥ ያለችው ሱቅ ሄዱ። ዋጋውን አይተው እንደ ሕፃን ቀስ አድርገው መልሰው አስቀመጡት። ብስኩቱንም አንስተው አገላበጡ። "ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?" አሏት ሻጯን።

"ብስኩት ነው፣ አባባ።"

"ብስኩት ብቻ?"

"ብቻ።"

አመስግነው ወጡ። ከተማው ሩቅ አይደለም፤ በሚኒባስ ሄደው፣ ከገበያ ቲማቲምና ዳቦ ገዝተው ለቁርስ ይደርሳሉ። ጣጣው ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እትዬ ቅምሻ ነቅተው ኩሽናው ውስጥ ሰው ካጡ ማን ይመልሳቸዋል? ባላቸው እስኪመጡ የሰባት ቤት ምግብ ሠርተው፣ ቀምሰው፣ ጠግበው ይጠብቋቸዋል። ጋሽ ቁልፉ ትንሽ አሰቡና የሚያውቁትን ነገር አደረጉ። የኩሽናውን በር ቆለፉ። ቁልፉንም እንደ ልማዳቸው ወገባቸው ላይ ካሉት ጋር ሰክተው ሄዱ።

ገበያው አስደሰታቸው። ተከራከሩ፣ ትተው ሄዱ፣ ተጠርተው ተመለሱ፤ ቲማቲሙን በግማሽ ዋጋ አገኙት፤ ላዩ ላይ ሎሚ አስመረቁ። እያፏጩ ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። መንገድ አጋማሽ ላይ ጎማው ፈነዳ። ሹፌሩ ትርፍ ጎማውን አወረደ፤ ትርፉም ተንፍሷል። ረዳቱ ጎማውን እያንከባለለ ወደ ከተማ ሲመለስ ጋሽ ቁልፉ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሲቀመጡ ወገባቸው ላይ ያለው ዘለላ ተንቋቋ።

ያን ጊዜ ነው ጉዱ የፈላው። ድንቹ ኩሽና ውስጥ ነው። ሩዙም እዚያው። ብስኩቱ፣ ኦቾሎኒው፣ ውሃው ሳይቀር እዚያው። ሊያበሏት ብለው ያመጧትን ሴት ጾሟን አውለው ቀሩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄው ነው። ስልክ እንዳይደውሉ የሳቸው ስልክ ትራሳቸው ሥር ቀርቷል፤ የሹፌሩን እንዳይዋሱ የሚስታቸውን ቁጥር በቃላቸው አያውቁትም፤ ይህን ያህል ዘመን አብረው ኖረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልፉን ወደ ሐይቁ ሊወረውሩት ፈለጉ፤ ሐይቁ ግን ገና ሩቅ ነበር። ጎማው እስኪመጣ መታገሥ አቃታቸውና ቲማቲሙንና ዳቦውን አቅፈው በእግራቸው ተነሱ።

ሪዞርቱ ግቢ ሲገቡ ምሳ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ሸሚዛቸው ላብ በላብ ሆኖ ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል። በረንዳው ባዶ ነው። መኝታ ቤቱም ባዶ። ቲማቲሙን እንዳቀፉ ወደ ውሃው ወረዱ።

እትዬ ቅምሻ አሸዋው ላይ ተቀምጠዋል። ጫማቸውን ጎናቸው አስቀምጠው እግራቸውን ውሃው ውስጥ ዘርግተዋል። የባላቸውን የቁልፍ ድምፅ ሲሰሙ ዞር አሉ።

"አንተ ሰውዬ" አሉ፤ "ራበኝ።"

ጋሽ ቁልፉ ባሉበት ቆሙ። "ምን አልሽ?"

"ራበኝ አልኩህ። አትሰማም?"

"እስቲ ድገሚው።"

"ምን ያስደግመኛል፣ ሆዴን ሞረሞረኝ እኮ። መጀመሪያማ ታመምኩ ብዬ ደንግጬ ነበር።"

"በሩን ቆልፌብሽ፤ ወይኔ፣ ይቅር በይኝ። ምግቡ ሁሉ እዚያ መሆኑን ረስቼው እኮ ነው።"

"እንግዳ መቀበያ ያለችው ልጅ ትርፍ ቁልፍ ልስጥዎት ብላኝ ነበር" አሉ እትዬ ቅምሻ፣ እግራቸውን ውሃው ውስጥ እያወዛወዙ። "ከከፈትኩት ድንች ልላጥ ነው፣ ተዪው አልኳት። ሱቋም ሄጄ ነበር፤ የብስኩቱን ዋጋ ሳይ አንተ ትዝ ስትለኝ ሳቄ መጣ፤ ትቼው ወጣሁ። ከዚያ እዚህ ቁጭ አልኩ። ምሳ ሰዓት መጣ፣ አለፈ፤ የጠራኝ የለም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ያለ ምሳ ሰዓት አላየሁም።" ቀና ብለው አዩዋቸው። "አሁን ግን ቆመህ አትየኝ፤ ሂድና ሥራልኝ።"

ጋሽ ቁልፉ በረሩ። ዕድሜ ልካቸውን በጨለማ ሳይሳሳቱ የሚለዩት ቁልፍ ያን ቀን ጠፋባቸውና ዘለላውን ሁሉ ሞክረው ከፈቱ። ድንቹንና ሽንኩርቱን በጥድፊያ ከተፉ። ሽንኩርቱ አረረ። ሽታው በረንዳው ድረስ ወጣ፤ እሳቸውም አሁን ትመጣለች፣ አሁን "ቀንስ" ትላለች እያሉ ጠበቁ። ከበረንዳው የመጣው ቃል ሌላ ነበር።

"ቶሎ በል እንጂ።"

ምግቡን በዳቦ አቀረቡ። ድንቹ ግማሹ ፈርሷል፤ ግማሹ ከመሀሉ ጥሬ ነው። ሩዙ ተጣብቆ አንድ ላይ ሆኗል። እትዬ ቅምሻ ጎረሱ። ደግመው ጎረሱ። ቀና አላሉም። ጋሽ ቁልፉ ትሪውን እንደያዙ ቆመው ሲያዩ ቆዩና መታገሥ አልቻሉም።

"ጨው አነሰው?"

"እኔ ምን አውቄ" አሉ እትዬ ቅምሻ አፋቸው ሞልቶ። "አልቀመስኩት። እየበላሁ ነው።"

ጋሽ ቁልፉ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። ዓይናቸው ሞላ። ጢስ ነው እንዳይሉ ጢሱ ከጠፋ ቆይቷል።

"ተጨማሪ አለ?" የሚል ድምፅ ከኋላቸው መጣ።

"ሞልቷል" አሉ። ገብተው ድስቱን ሲያዩ የቀረው የራሳቸው ድርሻ ብቻ ነው። ያለ ወጪ ማዘዣ፣ ያለ ፊርማ፣ ጥርግ አድርገው አወጡት።

"አንተስ?" አሉ ሚስታቸው ሳህኑን ተቀብለው።

"እኔ ከተማ በልቼ ነው የመጣሁት።"

እትዬ ቅምሻ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "አንተ? ከተማ? ገዝተህ?" ብለው ሳቁ። ጥርሳቸው አልከደን አለ፤ ሳቁ ሳቁና እንባቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ። "እንኳን በልተህ፣ ሻይ ቤት ደጃፍ ቆመህ ብታሸት ያስከፍሉኛል ብለህ የምትሮጥ ሰው። ና ተቀመጥ።" ዳቦውን ለሁለት ቆርሰው ሳህኑን መሀል ላይ አደረጉት። ያን ያረረ ሽንኩርት ሁለቱም ሳይተዉ ጨረሱት።

ማታ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የዕለቱ ኦቾሎኒ አለቀ። እትዬ ቅምሻ ላስቲኩን ገልብጠው አራገፉት። "የነገውን ዛሬ ብፈታውስ?" አሉ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ፍቺው" አሉ ጋሽ ቁልፉ። "የከነገ ወዲያውንም ፍቺው።"

እኚህ ሰው ዕቃ ቤታቸው ጎድሎ ሲያዩ እንቅልፍ የሚያጡ ሰው ናቸው። በማግስቱ ጠዋት ግን ሳጥኑን በአንድ እጃቸው አንስተው ቅለቱን ሲያዩት ለብቻቸው ሳቁ። ሚስታቸው ፀጉራቸውን ሳያበጥሩ በሩ ላይ ቆመው ቁርስ መቼ ነው ይላሉ፤ ለቁርስ የሚሆን ከአውቶቡሱ ጆንያ የተረፉ ሁለት እንቁላሎች ብቻ አሉ። እነሱን ጠብሰው፣ በልተው፣ ለሌላ አስቤዛ ወደ ገበያ ሊሄዱ ተነሱ። አሁን አብረው ነው። እትዬ ቅምሻ አንድም ነገር ሳያበስሉ፣ የሚያምራቸውን ብቻ በጣታቸው ሊያሳዩ።

መንገድ ሲጀምሩ እትዬ ቅምሻ ቆም አሉ። "ምን ሆነሃል ዛሬ? ወገብህ አይጮህም።"

ጋሽ ቁልፉ ወገባቸውን ዳሰሱ። ዘለላው የኩሽናው በር ላይ እንደተሰካ ቀርቷል።

"ይቆይ" አሉና የሚስታቸውን ክንድ ይዘው ወደ ሚኒባሱ ሄዱ።