አልካፈል ያለው ቁጥር

ባለቤቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተማረ። ከዚያ ሁሉ የተረፈው የፈዘዘ ዓይን፣ ጠመኔ የጨረሰው ጉሮሮና አንድ ቁጥር ነው፤ 1,022,117። በየዓመቱ ትምህርት የተጀመረ ቀን ሰሌዳው አናት ላይ ይጽፈውና «ይህ ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም አይካፈልም!» ይላል። ተማሪዎቹም «ጋሼ አይካፈልም» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ለእኔም በዚህ ሁሉ ዘመን ሐሳቡን አካፍሎኝ አያውቅም።

ቁጥሩን ያገኘው በተጋባን ዓመት ነው። ሌላው ሙሽራ ሚስቱን ያያል፤ የእኔው የእረፍቱን ወር ሲያካፍል ከረመ። ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአምስት፣ ለሰባት... መሞከር ያለባቸው እነሱም ከአንድና ከራሳቸው በቀር የማይካፈሉት፣ «ብቸኛ» የሚባሉት ቁጥሮች ብቻ ስለሆኑ፣ ዝርዝራቸውን ካንድ አሮጌ መጽሐፍ ጀርባ ገልብጦ ነበር። መቶ ስልሳ ስምንት ናቸው፤ የመጨረሻው 997። ላንዳቸውም ያለ ቀሪ አልካፈል አለ። እስክሪብቶውን ወርውሮ «አለቀ!» አለና አቀፈኝ።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣ። ትምህርት ቤቱ ሽኝት አዘጋጀለትና እሱም ስለ ቁጥሩ ሊናገር አሰበ። በዋዜማው ከምሳ በኋላ ያኔ ያካፈለበትን ደብተር ሲያገላብጥ ቆይቶ ድንገት ፊቱ ተለወጠ። የማካፈል ሕጉ ለዚህ ያህል ቁጥር እስከ 1010 ድረስ ሞክር ይላል፤ የመጽሐፉ ዝርዝር ግን ሺህ ላይ ያበቃል። በመካከሉ የቀረች አንዲት ብቸኛ ቁጥር ነበረች፤ 1009። ለእሷ አካፈለው። 1013 ደረሰው፤ ቀሪ የለም።

«አንዲት ብቻ ስትቀረኝ!» አለ።

«ማን አየህ? ዝም ብለህ ተመስግነህ ና» አልኩት። ደክሞኝ ነበር። ባል ጡረታ ሲወጣ ሚስትም አብራ የምትወጣ ይመስለኝ ነበር።

ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ቁጥሩን ጻፈ፤ ከሥሩ 1009 × 1013 ጨመረበት። «ሠላሳ አንድ ዓመት ስሕተት አስተምሬያችኋለሁ። ይቅርታ» አለ።

ማንም አልደነገጠም። ድሮ ተማሪው የነበረውና አሁን ክፍሉን የተረከበው አስተማሪ ተነሣ። «መምህር፣ እኛ እኮ ያኔውኑ በካልኩሌተር ደርሰንበታል። ቅር እንዳይልዎት ብለን ነው ዝም ያልነው።»

«እኛም!» አሉ ከኋላ። «እኛም!» አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። በፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

ክንዴን ይዞ ወደ ቤት ስንመለስ «መሳሳቴስ ይሁን» አለ። «አንድ ልጅ እንኳ እጁን አያወጣም? እንዲህ ነበር የሚፈሩኝ?»

«አዝነውልህ ነው እንጂ ፈርተውህ አይደለም።»

«እሱማ ይብሳል።»

ጥቂት ሄደና ቆመ። «አንቺስ? ታውቂ ነበር?»

ልጃችን ስምንተኛ ክፍል ሳለች በወረቀት አካፍላ አሳይታኝ ነበር። «ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ» ያልኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ።

«አውቅ ነበር» አልኩት።

ክንዴን ለቀቀና ብቻውን ቀድሞኝ ሄደ።