የመጨረሻዋ ጆንያ

ባለፈው ሳምንት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስሄድ ሚኒባሱ እንደ ልማዱ ጎማ ፈነዳበትና ወርደን መንገድ ዳር ቆምን። በቆሎ የጫነ ትራክተር ከነተሳቢው ከዳገቱ አናት ብቅ አለ። የተሳቢው ጎማዎች ከጭነቱ ብዛት ተጨፍልቀዋል። ሳላስበው እጄን አነሳሁ።

ታላቅ ወንድሜ ያየህም እንዲህ ያለ ትራክተር ይነዳ ነበር። ያኔ እኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ተሳቢውን ቡሬ ብየዳ ቤት ያሠራው ራሱ ነው፤ ጎማዎቹን የሚይዘው አክስል ከአሮጌ ትንሽ መኪና የተፈታ፣ ከሃያ ኩንታል በላይ የማይችል። የራሱ ፍሬንም አልነበረውም። ያየህ ትኩስ የበቆሎ ቂጣ እየቆረሰ፣ "ከከበደማ ነጅው እኔ መሆኔ ይቀራል፤ እሱ ነው ከኋላ የሚነዳኝ" ይለኝ ነበር። ያውቅ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ማወቁ ነው።

በዚያ የጥር ጠዋት የራሳችንን ሃያ ኩንታል ጭኖ ለገበያ ተነሣ። በእኛ አገር ግን ገበያ የሚወርድ ሰው የጎረቤቱን ጆንያ ትቶ አይሄድም። አንዱ አንድ፣ ሌላው ሁለት እያለ ተሳቢው ተቆለለ። በመጨረሻ ባልቴቷ እማ ጥሩነሽ መጡ።

"ልጄ ያየህ፣ ይችን አንዲት ጆንያ ብቻ።"

"ከብዷል እኮ፣ እማ ጥሩነሽ። ቁልቁለቱ ላይ አይያዝልኝም።"

"ታዲያ የኔዋ ናት የከበደችህ?"

 ያየህ ወርዶ ጆንያዋን ራሱ ተሸክሞ ጫነላቸው።

ቁልቁለቱ ከደጃፋችን ይታያል። ትራክተሩ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ቀጥሎ ተሳቢው ይገፋው ጀመር። መታጠፊያው ላይ አክስሉ ተሰበረና ተያይዘው ገደል ገቡ። ሮጠን ስንደርስ ወንድሜ ከጆንያዎቹ ሥር ነበር፤ ትንፋሹ የለም።

የተዝካሩን እህል ከቡሬ ያመጣልን ሌላ ትራክተር ነው። እሱም ላይ ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ጭኖበት ነበር።

የባለፈው ሳምንቱ ነጂ እጄን አይቶ ፍሬን ያዘ፤ ተሳቢው ግን እየገፋው አሳለፈውና ራቅ ብሎ ቆመ። ሄጄ ስጠጋው ገና ጎልማሳ ያልሆነ ወጣት ነው።

"የሚጫን አለዎት፣ እማማ? ግድ የለም፣ ቦታ አይጠፋም።"

"ከብዶብሃል እኮ፣ ልጄ።"

"አውቃለሁ" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ግን ጎረቤቶቼን ምን ብዬ ልመልሳቸው?"

ያየህ እማ ጥሩነሽን ምን ብሎ ሊመልሳቸው ይችል እንደነበር ዕድሜዬን ሙሉ ሳስብ ኖሬአለሁ። አላገኘሁትም። ልጁ ማርሽ አስገባና ወደ ቁልቁለቱ ነዳ።